ፍሬን በጮኸ ቁጥር ሸራ አላለቀም

«ፍሬኑ ይጮሃል፣ ሸራ ቀይርልኝ።» ገና ጎማው ሳይፈታ! ሐኪም ዘንድ ገብቶ «ወባ ነው፣ መድኃኒቱን ጻፍልኝ» ማለት ይህ ነው።

ሸራ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ እየጨመቀ መኪናውን የሚያቆመው ክፍል፣ ሲሳሳ እንደሚጮህ አልክድም። አዲስ ሲገዛ 10 ወይም 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሸራ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ሲቀረው፣ ጎኑ ላይ ያለችው ትንሽ የብረት ምላስ ዲስኩን እየነካች ታፏጫለች። ሆን ተብላ የተሠራች ማስጠንቀቂያ ናት። ግን የፍሬን ጩኸት በመሠረቱ መርገብገብ ነው፤ ትናንት የተገጠመ ሸራም ማረፊያው ላይ ካልረጋ ይርገበገባል፣ ይጮሃል።

አንድ የታክሲ ሹፌር ቪትዙን ይዞልኝ መጣ። ከመለዋወጫ ገበያው ከሱማሌ ተራ እየገዛ በጥቂት ወራት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሸራ አስቀይሯል፤ አራተኛውንም በእጁ ይዟል። ፈታሁት። የገጠመው ሸራ ገና ወፍራም ነው። ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀው ካሊፐር የሚንሸራተትባቸው ፒኖች ግን ደርቀዋል፤ አንዱማ በእጅ አልንቀሳቀስ አለኝ። ከሸራው ጀርባ የምትገባው ስስ ቆርቆሮም የለችም። «መካኒኩ ትርፍ ናት ብሎ ጣላት» አለኝ። ትርፍ! መርገብገቡን የምታፍነው እኮ እሷ ናት። ፒኖቹን አጽድቼ ሙቀት የሚችል ግራሶ ቀባሁ፣ ቆርቆሮውንና መያዣ ሞላዎቹን አሟላሁ፣ ያንኑ ሸራ መልሼ ገጠምኩ። ዝም አለ። «ጋሼ፣ ምንም ሳትቀይር?» ሲለኝ ቅር ያለው ይመስል ነበር።

ስለዚህ ሸራ ስታስቀይሩ ቡና ልትጠጡ አትሂዱ። ቁሙና እዩ። ፒኖቹ ወጥተው ተጸዱ? ቆርቆሮዋ ተመለሰች? ዲስኩ በጥፍር ሲዳሰስ ጠርዙ ላይ ከንፈር አውጥቷል? መካኒኩ በካቻቢቴ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ውስጥ ገፍቶ አዲሱን ሸራ ሰክቶ በአሥር ደቂቃ «ጨርሻለሁ» ካለ፣ በሁለት ሳምንት ትመለሳላችሁ።

ጠዋት ብቻ ይጮሃል ለምትሉ፦ ዝናብ ሲያድርበት ዲስኩ ስስ ዝገት ይይዛል፤ ሁለት ሦስቴ ስትረግጡት ይጠረጋል። ወደ ሥራችሁ ሂዱ።

ጩኸቱ እንዲጠፋ ዘይት ጠብ ይደረግበት? ፍሬን የሚይዘው በመፋተግ ነው። ዘይት የነካው ሸራ ይጣላል፤ በቃ።

የፍሬን ዘይት መሙላትም ጩኸት አያስተውም። ዘይቱ የጎደለው ሸራው ሳስቶ ፒስተኑ ወደ ውጭ ስለወጣ ወይም የሆነ ቦታ ስለሚያፈስ ነው። ዝም ብሎ መሙላት ምልክቱን መሸፈን ነው።

«ካልጮኸ ደህና ነው» የሚለው ደግሞ ያስፈራኛል። ብዙ ርካሽ ሸራ ያቺ ምላስ የለችውም፤ የኋላው ጎማ ታምቡር (ክቡ የብረት ሽፋን) ውስጥ ያለው ሸራም በዝምታ ሊያልቅ ይችላል። ፉጨቱ ወደ መፋቅ ከተለወጠ ብረት ብረትን እየበላ ነው፤ መኪናውን አቁሙ።

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በፎሌ፣ ማርሽ አውጥታችሁ የምትለቁትስ? ቁልቁለቱን በሙሉ ፍሬን ላይ ስትቆሙ ሸራው ግሎ ፊቱ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ይጮሃል፣ በደንብም አይይዝም። በብርጭቆ ወረቀት ቢፈተግ ለጥቂት ቀን ነው። በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ። ነዳጅ እንቆጥባለን የምትሉም፣ ኢንጀክሽን ሞተር በማርሽ ቁልቁለት ሲወርድ እግራችሁ ከነዳጅ መስጫው ከተነሣ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል፤ በፎሌ ግን ላለመጥፋት ይጠጣል።