«ታሪኩን አውቀዋለሁ እኮ» እና ሌሎች ስለ ፊልም የምንሳሳትባቸው ነገሮች

«ታሪኩን ካወቅኩ ፊልሙን አይቼዋለሁ።»

የሁለት ሰዓት ፊልም በሩብ ሰዓት የሚተርኩልን የዩቲዩብ ቻናሎች ይህን ልማድ አባብሰውታል። እኔም እከፍታቸዋለሁ፤ ሳህን ሲታጠብ ይመቻሉ። የሚነግሩን ግን ምን እንደተከሰተ ብቻ ነው።

የስቲቨን ስፒልበርግን «ጆውስ» (1975) ውሰዱ። ታሪኩ አጭር ነው፦ ሻርክ ሰው ይበላል፣ ሦስት ሰዎች ሊገድሉት ጀልባ ይዘው ይወጣሉ። የሚያስፈራው ሻርኩ ሳይታይ መቆየቱ ነው። ለቀረጻ የተሠራው ሻርክ ባሕር ውስጥ እየተበላሸ አስቸገረ። ስለዚህ ካሜራው ከዋናተኞቹ እግር ሥር ሆኖ በአውሬው ዓይን ያሳየናል። ይህን በትረካ አታገኙትም።

«ሙዚቃው ማድመቂያ ነው።»

እዚያው ፊልም ላይ፣ የሙዚቃ ደራሲው የጆን ዊሊያምስ ሁለት ኖታዎች ሻርኩ መምጣቱን ይነግሩናል። ሁለት ልጆች ከካርቶን በተሠራ የሻርክ ክንፍ ሕዝቡን ሲያስደነግጡ ግን ያ ሙዚቃ የለም። ጆሮውን የከፈተ ተመልካች ዋናተኞቹ እየተራወጡ እሱ ቀልድ መሆኑን ይነቃል። እስቲ አንድ ትዕይንት መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት፤ ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስሙት።

«የጎበዝ አክተር ስሜት ፊቱ ላይ ይነበባል።»

አንዳንዴ የምናነበው እኛው የጻፍነውን ነው። ከመቶ ዓመት በፊት ሩሲያዊው የፊልም ሠሪ ሌቭ ኩሌሾቭ የአንድ ተዋናይን ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር ቀጠለው። እንደሚተረከው ተመልካቹ አንዴ ረሃቡን፣ አንዴ ሐዘኑን አደነቀለት። ፊቱ ግን ያው አንድ ቀረጻ ነበር። «ምን አይነት ትወና ነው!» ከማለታችን በፊት፣ ከፊቱ ቀጥሎ ምን እንዳሳዩን ማየት አይከፋም።

«መተቸት ማለት እንከን መልቀም ነው።»

በጥንት ዘመን ፊልም ላይ የእጅ ሰዓት ማግኘት ያስቃል፤ በቃ፣ ያስቃል። «ትዕይንቱን ለምን እዚህ ጋ ቆረጠው?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ለዚህ ደግሞ የፊልም ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

«እንዲህ እየመረመሩ ካዩት ደስታው ይጠፋል።»

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» (2008) ብዙ ሰው መጀመሪያ ሲያየው ጊዜው ይምታታበታል። መንደር፣ ጀርመን፣ አዲስ አበባ፣ ደግሞ መንደር። በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ በስክሪፕቱ የተሸለመ ፊልም መሆኑን ሲሰማም ይገረማል። ደግመው ሲያዩት ግን የዋናው ገጸ ባሕርይ የአንበርብር ትዝታም እንዲሁ ተቆራርጦ እንደሚመጣበት ይገባል። እኔ እንዲያውም ከመጀመሪያው ይልቅ በሁለተኛው ነው የተደሰትኩት።