የኤንቢኤ የዝውውር ጭምጭምታ፦ ደጋፊው ምን ይዞ ይገምታል?

የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ 30 ቡድኖች አሉት። ጨዋታው ከኦክቶበር እስከ ጁን ይካሄዳል። ወሬው ግን ዓመቱን ሙሉ አይቆምም። ማን ወዴት ይሄዳል? በማን ይለወጣል? የትኛው ቡድን ኮከቡን አሳልፎ ይሰጣል? ይህን መገመት ለብዙ ደጋፊ ከጨዋታው እኩል የሚወደድ ነገር ሆኗል። ቡድኑ በየሳምንቱ የሚሸነፍበት ሰው ደግሞ በጃንዋሪ ውጤቱን ትቶ የሚከታተለው ይህንኑ ነው። (እዚህ ያሉት ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእግር ኳስ ዝውውር የለመደ ሰው መጀመሪያ ግር ይለዋል። በእንግሊዝ ወይም በስፔን አንዱ ክለብ ለሌላው ገንዘብ ከፍሎ ተጫዋቹን ይወስዳል። ተጫዋቹ እምቢ ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። በኤንቢኤ ግን ተጫዋች የሚለወጠው በተጫዋች ወይም ወደፊት በሚመጣ የድራፍት ምርጫ ነው (ድራፍት ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ነው)። የፈረመው ውልም እንዳለ ተከትሎት ይሄዳል። ፈቃዱ በአብዛኛው አይጠየቅም። «ያለ ፈቃዴ አልለወጥም» የሚል አንቀጽ በውሉ ለማስገባት ቢያንስ 8 ዓመት በሊጉ፣ ከዚያም ውስጥ 4ቱን በዚያው ቡድን መቆየት ያስፈልጋል። ያን አሟልተው እንኳ መብቱን ያገኙት ጥቂት ናቸው።

ከእነሱ አንዱ ብራድሊ ቢል ነው። በ2022 ከዋሽንግተን ዊዛርድስ ጋር የ5 ዓመት፣ የ251 ሚሊዮን ዶላር ውል ሲፈርም አንቀጹን አስገብቷል። በ2023 ወደ ፊኒክስ ሲሄድ መድረሻውን የመረጠው እሱ ነበር። ዊዛርድስ መደራደሪያ አልነበረውምና ያገኘው ነገር ጥቂት ሆነ። ይህ ቡድን በዋሽንግተንና በዙሪያዋ ላደጉ ብዙ የሐበሻ ልጆች የሰፈራቸው ቡድን ስለሆነ፣ የአንዲት አንቀጽ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ እነሱ በደንብ ያውቁታል።

ሒሳቡ

ግምት ሁሉ የሚጀምረው ከደመወዝ ነው። ሊጉ ከ1984–85 ጀምሮ የደመወዝ ጣሪያ አለው። ያኔ ለአንድ ቡድን 3.6 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2024–25 ወደ 140.6 ሚሊዮን፣ በ2025–26 ደግሞ ወደ 154.6 ሚሊዮን ደርሷል። ጣሪያውን ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ያለፈ ቡድን ተጫዋች ሲለውጥ የሚሰጠውና የሚቀበለው ደመወዝ መቀራረብ አለበት። ስለዚህ ሁለቱም ቡድኖች ከጣሪያው በላይ ከሆኑ፣ 50 ሚሊዮን የሚከፈለውን ኮከብ 5 ሚሊዮን በሚከፈለው ጎበዝ ወጣት መለወጥ አይችሉም፤ ቢስማሙም እንኳ። ሒሳቡን የሚሞላ ሌላ ሰው መጨመር አለበት። አንዳንድ ተጫዋች ሜዳ ላይ ብዙም ሳይታይ በየጭምጭምታው ስሙ የሚነሳው ለዚህ ነው። የሚፈለገው ደመወዙ ነው።

በ2023 ሊጉና የተጫዋቾች ማኅበር የተስማሙበት ውል ነገሩን ይበልጥ አጠበቀው። ከጣሪያው በላይ ኤፕረን የሚባሉ ሁለት መስመሮች አሉ። የመጀመሪያውን ያለፈ ቡድን ከሰጠው የሚበልጥ ደመወዝ መቀበል አይችልም። ሁለተኛውን ያለፈ ደግሞ የሁለት ተጫዋቾችን ደመወዝ ደምሮ አንድ ውድ ተጫዋች ማምጣት ተከልክሏል። የሁለተኛው መስመር ልክ በ2024–25 ወደ 189 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚህ የተነሳ ድሮ ቀላል የነበሩ አንዳንድ ልውውጦች ዛሬ ሦስትና አራት ቡድን ካልገባባቸው አይሳኩም። ኬቨን ዱራንት በ2025 ወደ ሂውስተን የሄደበት ዝውውር ተጠቃሎ ሲያልቅ 7 ቡድኖች ገብተውበት ነበር። በሊጉ ታሪክ ይህን ያህል ቡድን የገባበት ዝውውር ታይቶ አያውቅም።

ደጋፊው በቃሉ የሚያውቃቸው ሌሎች ሕጎችም አሉ። በአሜሪካ በጋ (ከጁላይ ጀምሮ) አዲስ ውል የፈረሙ አብዛኞቹ ተጫዋቾች እስከ ዲሴምበር 15 አይለወጡም። ስለዚህ ያን ቀን ቆጥሮ ይጠብቃል። ቡድኖች የድራፍት ምርጫቸውን እስከ 7 ዓመት ወደፊት አሳልፈው መስጠት ይችላሉ፤ ነገር ግን ለሁለት ተከታታይ ዓመታት ያለ አንደኛ ዙር ምርጫ መቅረት አይፈቀድም። ይህ ሕግ የቴድ ስቴፒየንን ስም ይዞ ቀርቷል። ስቴፒየን በ1980ዎቹ መጀመሪያ የክሊቭላንድ ባለቤት ሳለ የቡድኑን ምርጫዎች አንድ በአንድ በትኖ ጨረሳቸው። ሊጉም ሌላ ባለቤት ይህን እንዳይደግመው በር ዘጋ። ዛሬ ተራ ደጋፊ ሳይቀር «ይሄ በስቴፒየን ሕግ አይሆንም» ብሎ ይከራከራል።

የአሜሪካው የስፖርት ሚዲያ ኢኤስፒኤን ያዘጋጀው ትሬድ ማሽን የሚባል መሣሪያም አለ። ደጋፊው ቡድኖቹን ይመርጣል፣ ስሞቹን ያስገባል፣ ማሽኑም በሕጉ ይሳካል ወይም አይሳካም ብሎ ይመልስለታል። ሒሳቡ ተሳካ ማለት ግን ሌላው ቡድን እሺ አለ ማለት አይደለም። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። የራሱን ተቀያሪ ተጫዋቾች ከሁለት የድራፍት ምርጫ ጋር ጠቅልሎ የሌላውን ኮከብ ይጠይቃል። ጥሩ ገማች ከራሱ ቡድን ፍላጎት በፊት የሌላውን ቡድን ችግር ያጠናል። የማን ውል ሊያልቅ ነው? ባለቤቱ የቡድኑ ደመወዝ ሲበዛ እንደ ቅጣት የሚጣልበትን ግብር መክፈል ሰልችቶታል? አሠልጣኙና ኮከቡ ተቃቅረዋል? መልሱ ያለው እዚያ ነው።

ወሬው ከየት ይመጣል?

ለዓመታት ዝውውርን ቀድሞ በማውጣት የሚታወቀው ጋዜጠኛ ኤድሪያን ዎጅናሮውስኪ ነበር። በሴፕቴምበር 2024 ከሙያው ሲለይ ሻምስ ቻራኒያ በኢኤስፒኤን ቦታውን ያዘ። ከእነሱ ጀርባ ሹክ የሚሉ ሰዎች አሉ። ወኪሉ የደንበኛውን ዋጋ ማስወደድ ይፈልጋል። ቡድኑ ገበያውን መፈተሽ ይፈልጋል። ሌላው ቡድን ተፎካካሪውን ማደናገር ይፈልጋል። የቡድን ባለሥልጣናት የሌላ ቡድን ውል ስላለው ተጫዋች በይፋ መናገር ስለማይፈቀድላቸው፣ ወሬው ሁሌ ስም በሌለው ምንጭ ይወጣል። አንድ ጭምጭምታ ሲሰማ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «እውነት ነው?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ይህ ቢወራ የሚጠቀመው ማነው?» የሚለውም እኩል ይጠቅማል።

በ2023 የታየው የዴሚየን ሊላርድ ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሊላርድ በጁላይ 1 ከፖርትላንድ እንዲለቁት ጠየቀ፤ መሄድ የሚፈልገውም ማያሚ መሆኑ ተሰማ። በጋውን ሙሉ ደጋፊው ያሰላው የማያሚን ተጫዋቾች ነበር። ማን ይሰጥ፣ ስንት ምርጫ ይጨመር እያለ ሴፕቴምበር ሊያልቅ ደረሰ። በሴፕቴምበር 27 ሊላርድ ወደ ሚልዎኪ ሄደ። ወሬው ሁሉ የተሠራው ተጫዋቹ በሚፈልገው ላይ እንጂ ፖርትላንድ በሚፈልገው ላይ አልነበረም።

ማንም ያልገመተው ሌሊት

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025 ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል በዳላስ፣ እሑድ ጠዋት 2 ሰዓት ግድም ደግሞ በአዲስ አበባ፣ ቻራኒያ የዳላሱ ኮከብ ሉካ ዶንቺች ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሄደ ሲል ጻፈ። ብዙ ሰው ገጹ የተጠለፈ መሰለው። ጋዜጠኛው ራሱ እውነት መሆኑን ደግሞ መጻፍ ነበረበት። ዶንቺች ገና 25 ዓመቱ ነበር። ከወራት በፊት ዳላስን ለፍጻሜ አድርሶ ነበር። ዳላስ በምላሹ ያገኘው የ31 ዓመቱን አንቶኒ ዴቪስን፣ ማክስ ክሪስቲንና የሌከርስን የ2029 አንደኛ ዙር ምርጫ ነው። ዩታም ሒሳቡን ለማስተካከል ሦስተኛ ሆኖ ገባ።

እኔን እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ደመወዙ ነው። ሁለቱ ኮከቦች በዚያ ዓመት የሚከፈላቸው እያንዳንዳቸው ወደ 43 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ማለትም ሒሳቡ ለማንም ግልጽ ነበር። ያን ሁሉ ሺህ ግምት ያሰላ ደጋፊ ይህን አልሞከረውም፣ ምክንያቱም ዶንቺች ይለወጣል ብሎ ያሰበ የለም። ድርድሩ የተጀመረው የዳላሱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኒኮ ሃሪሰንና የሌከርሱ አቻው ሮብ ፔሊንካ በጃንዋሪ ዳላስ ውስጥ ቡና ላይ ሲገናኙ ነው። ሁለቱ የቆየ ትውውቅ ነበራቸው፤ ምስጢሩንም ጠበቁት። ዶንቺች በዝውውሩ በዚያው በጋ ከዳላስ ጋር ሊፈርም ይችል የነበረውን ወደ 345 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ውል አጣ።

የዳላስ ደጋፊዎች ከሜዳው ደጅ ተሰብስበው አለቀሱ። የሬሳ ሣጥን አምሳያ ይዘው የመጡም ነበሩ። «ሃሪሰን ይባረር» የሚለው ጩኸት ለወራት አልበረደም፤ በኖቬምበር 2025ም ሃሪሰን ተሰናበተ። በመሀሉ ዳላስ በሜይ 1.8 በመቶ ብቻ ዕድል ይዞ የድራፍቱን አንደኛ ምርጫ በዕጣ አሸነፈና ኩፐር ፍላግን መረጠ። ዕጣውን ከዶንቺች ጋር አያይዘው የጠረጠሩ ብዙ ናቸው። ማስረጃ ያቀረበ ግን የለም።

ከስምምነቱ በኋላ

ዜናው ወጣ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ቡድኖቹ ወደ ሊጉ ቢሮ ደውለው ዝርዝሩን ያረጋግጣሉ። ከዚያ የጤና ምርመራ አለ። ሌከርስ በዚያው ሳምንት ማርክ ዊልያምስን ከሻርሎት ለማምጣት ዳልተን ኔክትንና ሌሎችን ሰጥቶ ነበር። ዊልያምስ ምርመራውን አላለፈም ተባለና በፌብሩዋሪ 8 ዝውውሩ ተሰረዘ። ኔክት ሻንጣውን ይዞ ተመለሰ።

በግምቱ ሙቀት የሚረሳው ይህ ነው። የሚለወጠው ሰው ነው። ዴማር ዴሮዛን በቶሮንቶ 9 የውድድር ዓመት ተጫውቶ፣ አትሄድም እንደተባለ እየተናገረ፣ በጁላይ 2018 በካዋይ ሌናርድ ተለወጠ። ቶሮንቶ በዓመቱ ዋንጫ በላ፤ ዴሮዛን ግን ሕመሙን ደብቆ አያውቅም። ሃሪሰን ባርንስ በፌብሩዋሪ 2019 ለዳላስ እየተጫወተ ሳለ ወደ ሳክራሜንቶ መሄዱ ተሰማ፤ እስከ ጨዋታው መጨረሻ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቆየ። ዱራንት ወደ ሂውስተን መሄዱ የተሰማው ኒው ዮርክ ውስጥ መድረክ ላይ ቃለ መጠይቅ እየሰጠ ነው። ስለ ዝውውር ማውራት ምንም ክፋት የለውም። ሰውን እንደ ዕቃ ማቅለል ግን ክፋት አለበት፤ የቤተሰቡን ጉዳይ ጎትቶ ማምጣትም እንደዚያው። ጥሩ ደጋፊ ይህን ለይቶ ያውቃል።

የ2025 የልውውጥ መዝጊያ ፌብሩዋሪ 6 ነበር፤ በአሜሪካ ምሥራቅ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በአዲስ አበባ ከምሽቱ 5 ሰዓት። ከዚያች ደቂቃ በኋላ ልውውጥ እስከ ውድድሩ ማብቂያ ይዘጋል። ወሬው ግን ወዲያው ወደ ሌላ ይዞራል። ቡድናቸው ውላቸውን አፍርሶ የሚለቃቸው ተጫዋቾች ወዴት ይሄዱ ይሆን? እስከ ማርች 1 ያልተለቀቀ ተጫዋች በሌላ ቡድን ማለያ ለጥሎ ማለፉ መሰለፍ አይችልም። ከመጀመሪያው ኤፕረን በላይ ያሉ ቡድኖችም ከተወሰነ መጠን በላይ ይከፈለው የነበረ ተጫዋች ሲለቀቅ ማስፈረም አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ ደጋፊው የደመወዝ ሰንጠረዡን እንደገና ያወጣል።