ባቄላውን ምን መታው? ስለ ክርክር በስህተት የምናምናቸው ነገሮች

እኛ ሰሜን ሸዋ ክርክር እንወዳለን። ማን እንደረታ ስንፈርድ ግን ብዙ ጊዜ እንሳሳታለን።

«አፈኛ የሆነ ረታ።»
አይደለም። በድሮው ሙግት በላ ልበልሃ እያሉ በግጥም ይሟገቱ ነበር። ውበቱን እኔም እወደዋለሁ። ግን ያኔም ቢሆን ምስክር ይጠየቅ ነበር። ቤት የሚመታ ንግግር ማስረጃ አይሆንም።

«ተከትሎት ከመጣ፣ እሱ ነው ያመጣው።»
እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይሄን ነውና። ደብረ ብርሃን አቅራቢያ የሚያርሱ አጎቴ «የስልክ ታወሩ በተተከለ ዓመት ባቄላችንን ውርጭ መታው» አሉኝ። አልዋሹም፤ ሁለቱም የሆነው በአንድ ዓመት ነው። አብረን ወርደን ማሳውን አየን። ታወሩ ሥር፣ ጉብታው ላይ ያለው ባቄላ ለምለም ነው። ጠቁሮ የተኮማተረው ታች ወንዙ ዳር ያለው ነው።

ውርጭ የሚወርደው ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ጸጥ ባለበት ሌሊት ነው። መሬት ቀን የያዘችውን ሙቀት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ቁልቁል ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ጥፋቱ የታወሩ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ የሚመታው አጠገቡ ያለው ማሳ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ስትሰሙ «ታወር የሌለበትስ ቦታ እንዴት ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«ተረት ከተተረተ ነገሩ አለቀ።»
«ሳይቃጠል በቅጠል» እንላለን፤ ፍጠን ማለት ነው። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» ም እንላለን፤ ተረጋጋ ማለት ነው። ለሁለቱም ወገን ተረት አለ። የትኛው ለዚህ ጉዳይ እንደሚሠራ የሚለየው ምክንያቱ ነው።

«ራሱ የሚጠጣ ሰው ስለ አረቄ ምን ያወራል?»
አረቄ ሲበዛ ጉበት ይጎዳል። ይህን የነገረህ ሰው መለኪያ ይዞ ቢሆንም እውነቱ ያው ነው። ሰውየውን ልትታዘበው ትችላለህ፤ ጉበትህን ግን እሱን በመታዘብ አታድነውም።

«ሐሳብ መቀየር መሸነፍ ነው።»
በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ስንቱ ሰው ስህተቱ ገብቶት ሳለ «ምን ይሉኛል» ብሎ እዚያው ይደርቃል! አጎቴ ያን ቀን ወንዙ ዳር ቁጢጥ ብለው የጠቆረውን ቅጠል በጣታቸው አሹት። ቀና ብለው ጉብታውን አዩ። ዝም አሉ። በቀጣዩ ዓመት ባቄላውን ላይኛው ማሳ ላይ ዘሩት። ለጎረቤቶቻቸው ምክንያቱን የሚያስረዱትም አሁን እሳቸው ናቸው።