ኮርኒስና የእሳት አደጋ ጥንቃቄ በጎንደር የንግድ ቤቶች

በጎንደር የንግድ ቤቶች ከአቡጀዲ፣ ከችፑድ ወይም ከጅብሰም ቦርድ የተመታ ኮርኒስ ይታያል። በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ያለው ባዶ ቦታ የመብራት መስመር፣ አቧራና የአይጥ ጎጆ አንድ ላይ የሚከማቹበት ነው።

ለከተማዋ ቃጠሎ እንግዳ አይደለም። በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ተቃጥላለች። በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጡት ደርቡሾች አብያተ ክርስቲያናቷን ሲያነዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተርፏል፤ ንቦች ናቸው የታደጉት ይባላል። የኪሩቤል ፊት የተሣለበት የእንጨት ኮርኒሱ ዛሬም አቻ የለውም።

ከኮርኒስ ዓይነቶች ሁሉ ቶሎ የሚቀጣጠለው በዘይት ቀለም የተደራረበ አቡጀዲ ነው። ጅብሰም የተሻለ ነው፤ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህሉ በውስጡ የተያዘ ውኃ በመሆኑ፣ ሲሞቅ ውኃው እስኪተን ድረስ እሳቱን ያዘገያል። ለስፖት መብራት ተቀዶ ክፍት የቀረ ቀዳዳ ግን ይህን ጥቅም ያሳጣል።

ክረምት ላይ ቢጫ እድፍ ከታየ መጀመሪያ የሚጠገነው አሸንዳውና የቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ ነው። የራሰው ጅብሰም በግራና በቀኝ ቦርዱ እስከ ተመታበት ብረት ድረስ ተቆርጦ ይወጣል፤ ባለ 12.5 ሚሊ ሜትር ቦርድ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በብሎን ይታሰርና መጋጠሚያው በስቱኮ ይዘጋል። በላዩ ቀለም መቀባት ብቻ ገንዘብ ማባከን ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋት ከመብራት መስመር ይመጣል። የእንጀራ ምጣድ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎ ዋት ስለሚስብ በ220 ቮልት ከ16 እስከ 18 አምፔር ይፈልጋል። ባለ 2.5 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት) ገመድ ላይ ከሌላ ዕቃ ጋር ሲሰካ ባለ 16 አምፔሩ ብሬከር (መስመሩ ሲጨናነቅ መብራቱን የሚቆርጠው) ይወርዳል፤ መውረዱ ሲያሰለች በ32 ይተካል፤ ከዚያ ወዲያ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ ኮርኒስ ውስጥ ያለው ገመድ ይግላል። መፍትሔው ለምጣዱ ለብቻው ባለ 6 ካሬ ገመድና ባለ 25 አምፔር ብሬከር ነው። ተጠምዝዞ በናስትሮ ብቻ የተጠቀለለ የገመድ መጋጠሚያም የመጋጠሚያ ሳጥን ውስጥ ይገባል።

በተከታታይ ሱቆች መካከል ያለው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ኮርኒስ ላይ ያበቃል፤ ስለዚህ የአንዱ ሱቅ እሳት ከላይ ዞሮ ጎረቤት ይገባል። ብሎኬቱን እስከ ቆርቆሮው ማድረስና የገመዱን ማለፊያ በሲሚንቶ መድፈን ያስፈልጋል፤ ፎም ራሱ ይነዳል።

የእሳት ማጥፊያ በር አጠገብ ይሰቀላል፤ የዱቄቱ ማጥፊያ የግፊት መለኪያ መርፌ አረንጓዴው ላይ መሆኑ በየወሩ ይታያል። ዱቄቱ እንዳይረጋ ገልብጦ መነቅነቅን የሚመክሩ አሉ። በሚነድ ዘይት ላይ ውኃ አይደፋም። ጭስ ከኮርኒስ ከወጣ ሰው ይወጣል፣ ዋናው ብሬከር ይጠፋል፤ አየር ሲገባ ስለሚባባስ ኮርኒሱ አይቀደድም።