መድኃኒት የተላመደ የተቅማጥ ባክቴሪያ ምንድን ነው?

«ሲፕሮ ለምጄዋለሁ፣ ለእኔ አይሠራም» የሚል ሰው ባሕር ዳር ውስጥ መድኃኒት ቤት በር ላይ አይጠፋም። ሲፕሮ ባክቴሪያን የሚገድል መድኃኒት (አንቲባዮቲክ) ነው፤ እሱን የለመደው ግን ሰውየው አይደለም፤ አንጀቱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ነው። በዕድሜው ሲፕሮ ቀምሶ የማያውቅ ሕፃን እንኳ የተላመደ ሺጌላ (ደም ያለው ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ) ከሌላ ሰው እጅ ሊይዘው ይችላል፤ ያን ጊዜ ከመጀመሪያዋ ክኒን ጀምሮ መድኃኒቱ አይሠራለትም። ሺጌላ ለማሳመም ከ10 እስከ 100 ባክቴሪያ ይበቃዋል።

«መላመድ» የሚለው ቃል ራሱ ትንሽ ያሳስታል። አንዷ ባክቴሪያ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀመሰች አትጠነክርም። ከሚሊዮኖቹ መካከል በአጋጣሚ የዘር ለውጥ ያገኙ ጥቂቶች አስቀድመው ይኖራሉ፤ መድኃኒቱ ሌሎቹን ሲጨርስ ቦታው ለእነሱ ይለቀቃል። አንጀት ውስጥ የምትኖረው ባክቴሪያ ኢ ኮላይ ሲመቻት በየ20 ደቂቃው ለሁለት ትከፈላለች፤ አንዷ ከ1 ሚሊዮን በላይ ለመሆን 7 ሰዓት አይፈጅባትም። አንዳንዶቹ አምፒሲሊንን የሚሰባብር ኢንዛይም ይሠራሉ፤ ሌሎቹ ቴትራሳይክሊንን መልሰው ወደ ውጭ ይገፋሉ፤ ሲፕሮ የሚይዘውን ፕሮቲን ቅርጹን የሚለውጡም አሉ።

አንጀትን አደገኛ የሚያደርገው ግን ፕላዝሚድ ነው። ይህ ትንሽ የዲኤንኤ ቀለበት መድኃኒት የሚቋቋምበትን ዘር ተሸክሞ ከአንዱ ባክቴሪያ ወደ ሌላው፣ ዝርያው ቢለያይም እንኳ ይተላለፋል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጃፓን ውስጥ ሰልፋን፣ ስትሬፕቶማይሲንን፣ ክሎራምፌኒኮልንና ቴትራሳይክሊንን በአንድ ጊዜ የሚቋቋም ሺጌላ ተገኘ፤ ከሕመምተኞቹ የተወሰደው ኢ ኮላይም እነዚያኑ አራቱን ይቋቋም ነበር። ለጉሮሮ ተብሎ የሚዋጥ አሞክሳሲሊንም አንጀት ውስጥ ሌሎቹን ገድሎ ቀለበቱን ለያዙት ቦታ ይለቃል።

በማይክሮስኮፕ የሚታየው የተለመደው የሰገራ ምርመራ አሜባንና ጃርዲያን ያሳያል እንጂ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ አይናገርም። ለዚያ ካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን ላቦራቶሪ ውስጥ አብቅሎ መመርመር ያስፈልጋል። ናሙናው የሚሰጠው መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ነው። በ2 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ የማይደርስ ከሆነ ካሪ ብሌር በሚባለው ማቆያ ውስጥ ይገባል፤ ሺጌላ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ቶሎ ይሞታልና። ጣና ሐይቅ ላይ ካለው ከደቅ ደሴት በጀልባ ለሚመጣ ናሙና ይህ ቀላል አይደለም።

ባክቴሪያው ከተለየ በኋላ ማብቀያ ባለበት የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ይቀባል። በመድኃኒት የተነከሩ፣ ስፋታቸው 6 ሚሊሜትር የሆኑ ክብ ወረቀቶች ይቀመጡበትና በ35 ዲግሪ ሙቀት ከ16 እስከ 18 ሰዓት ይቆያል። መድኃኒቱ በሠራበት ወረቀት ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል። የተላመደው ባክቴሪያ ግን እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ድረስ ነጣ ብሎ ይበቅላል። ክቡ በማስመሪያ ይለካል፤ ሲኤልኤስአይ የተባለው የላቦራቶሪ ደረጃ አውጪ ተቋም ባወጣው መለኪያ ለሺጌላ የሲፕሮ ክብ 26 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ይሠራል፣ 21ና ከዚያ በታች ከሆነ አይሠራም። አንድ ወጥመድ አለ፦ ጀንታማይሲን የሚባለው አንቲባዮቲክ ሳህኑ ላይ ሰፊ ክብ ቢያሳይም ሺጌላ ወይም ሳልሞኔላ (ሌላው የአንጀት ባክቴሪያ) የያዘውን ሕመምተኛ አያድንም፤ ውጤቱ ላይ «ይሠራል» ተብሎ መጻፍ የለበትም።

ሰገራ ላይ ደም ሲታይ «አሜባ ነው» ብሎ ሜትሮኒዳዞል መግዛት የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ሺጌላን ድሮም አይገድልም፤ ሳይሠራ ሲቀር ግን «ተላምዶ ነው» ይባላል። ደም ያለው ተቅማጥ ጤና ተቋም ይታያል። በታዘዘው መድኃኒት በ2 ቀን ውስጥ ካልተሻለ ተመልሶ መሄድ እንጂ መጠኑን በራስ መጨመር አይገባም። ውሃ የሚመስለው ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ አንቲባዮቲክ አይፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (የጨውና የስኳር ዱቄት) በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ነው፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ለሕፃናት ዚንክ ይጨመራል፦ ከ6 ወር በታች በቀን 10፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊግራም፣ ከ10 እስከ 14 ቀን።

ማፍላትና ክሎሪን የተላመደውንም ያልተላመደውንም እኩል ይገድላሉ። በክረምት ግን ጉማራና ርብ አፈር ይዘው ስለሚገቡ የጣና ውሃ ይደፈርሳል፤ ደለሉ ክሎሪኑን ይበላዋል። ስለዚህ ውሃው መጀመሪያ ደለሉ እስኪዘቅጥ ይቀመጣል፣ በንጹሕ ነጠላ ይጣራል፣ ክሎሪኑ በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ይጨመርና 30 ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ጀሪካኑ ሲከፈት የክሎሪን ሽታ ጨርሶ ከሌለ መጠኑ አልበቃም ማለት ነው፤ ያ ውሃ ይፈላል።