ሪሞት ኤክስ ምንድን ነው? በቀጭን መስመር ላይስ ለምን ይንቀራፈፋል?

ድሬዳዋ የፋብሪካ ከተማ ናት። ሲሚንቶው አለ፣ ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ምግብ ማቀነባበሪያው አለ። ፋብሪካ ባለበት ደግሞ ዕድሜ ጠገብ ኮምፒውተር አይጠፋም። ከጀርባው ባለ ዘጠኝ ፒን ሲሪያል ሶኬት አለው፤ የኔትወርክ ሶኬቱ ግን ወይ ከመጀመሪያው የለም፣ ወይ ሥራ አቁሟል። ማሽኑ ዩኒክስ ወይም ሊኑክስ ነው እንበል። የሚሠራበት ፕሮግራም ደግሞ መስኮትና በተን ያለው ነው። በዚያች ሲሪያል ኬብል ብቻ ፕሮግራሙን ላፕቶፕ ላይ ከፍቶ መሥራት ይቻላል? አዎ፣ ይቻላል። መንገዱ ሪሞት ኤክስ ነው፤ ፕሮግራሙ አንድ ማሽን ላይ እየሮጠ መስኮቱ ሌላ ማሽን ላይ እንዲታይ የሚያደርግ አሠራር ነው።

ኤክስ፣ በሙሉ ስሙ ኤክስ ዊንዶው ሲስተም፣ በዩኒክስና በሊኑክስ ላይ መስኮቶችን የሚያሳይ ሥርዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። እስካሁን የሚሠራበት የፕሮቶኮሉ (የመግባቢያ ደንቡ) 11ኛ ስሪት በ1987 ወጣ። ከጅምሩ የታሰበው ለኔትወርክ ነው። ፕሮግራሙ የሚሮጠው እዚያው ማሽኑ ላይ ሲሆን፣ መስኮቱን የሚስለው ላፕቶፑ ላይ ያለው ኤክስ ሰርቨር ነው። በመሃል የሚያልፈው ትእዛዝ ነው፦ እዚህ ጋ መስመር አስምር፣ እዚያ ጋ ይህን ጽሑፍ ጻፍ። ሲሪያል ኬብሉ ላይ ፒፒፒ (ሁለት ማሽኖችን በአንድ መስመር በኔትወርክ የሚያገናኝ ደንብ) ከተነሳ፣ ኬብሉ እንደ ማንኛውም የኔትወርክ መስመር ያገለግላል።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። በሰከንድ 9600 ቢት ፍጥነት፣ አንድ ባይት ከነመነሻና መዝጊያ ቢቱ 10 ቢት ይፈጃል። በሰከንድ የሚያልፈው እንግዲህ 960 ባይት ብቻ ነው። 1024 በ768 የሆነ ስክሪን በሙሉ ቀለም ከ2.3 ሚሊዮን ባይት በላይ ነው። ልክ እንደ ፎቶ ሳይታመቅ ይላክ ከተባለ 41 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ፍጥነቱን 115200 ብናደርሰው እንኳ ከ3 ደቂቃ በላይ ነው። ትእዛዝ መላኩ ለምን እንደሚሻል እዚህ ላይ ይታያል።

ግን ትእዛዙም ነጻ አይደለም። ማውሱን ጠጋ ብለን እንየው። ፕሮግራሙ የማውስ እንቅስቃሴን የሚከታተል ከሆነ፣ አንዷ ንቅናቄ በኤክስ ቋንቋ 32 ባይት ናት። የቲሲፒና የአይፒ (የኔትወርክ መላኪያ ደንቦቹ) ራስጌ፣ ማለትም ከመረጃው ፊት የሚለጠፈው አድራሻና ቁጥር፣ 40 ባይት ይጨምርባታል፤ በድምሩ 72። በሰከንድ 13 ንቅናቄ ብቻ መስመሩን ይሞላዋል ማለት ነው። እጅ ትንሽ ፈጠን ካለ ወረፋው ይከመራል፣ ጠቋሚው እዚህ ሆኖ ፕሮግራሙ ገና እዚያ ይቀራል። ደግነቱ የኔትወርክ ተመራማሪው ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ዘዴ ያንን 40 ባይት ብዙ ጊዜ ወደ 3 እስከ 5 ባይት ያወርደዋል። ፒፒፒ ላይ ይህ ተዘግቶ ከሆነ ይከፈት፤ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ዋናው ነገር ምልልሱ ነው። የኤክስ ፕሮግራም ሲከፈት ጥያቄ ያበዛል። ይህ ስም ያለው ነገር ቁጥሩ ስንት ነው? ይህ ቀለም አለ? ብዙዎቹን አንድ በአንድ ጠይቆ፣ መልሱ እስኪመጣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ልጅን ከከዚራ ደቻቱን አሻግሮ ቀፊራ ገበያ ለጨው ብቻ ልኮ፣ ሲመለስ ደግሞ ለስኳር እንደመላክ ነው። አንዱ ምልልስ 150 ሚሊ ሰከንድ ቢፈጅና ፕሮግራሙ 200 ጊዜ ቢጠይቅ፣ መስኮቱ እስኪወጣ ብቻ 30 ሰከንድ አለቀ። መስመሩ ሰፊ ሆኖ ምልልሱ 600 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጅ ሳተላይት ቢሆንስ? 2 ደቂቃ! ስፋቱ ምንም አልፈየደም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ከኤክስ ጋር የወጣው ኤልቢኤክስ የተቸገረው እዚህ ላይ ነው። የተሠራው ለቀጭን መስመር ቢሆንም፣ በተግባር በኤስኤስኤች (ከሩቅ ማሽን ጋር በምስጢር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ላይ ተራ ማመቅ ከሚሰጠው ጥቅም ብዙም አልራቀም። ከኤክስ ዋና ሠሪዎች አንዱ የሆነው ኪት ፓካርድ ይህን ራሱ ለክቶ በግልጽ ጽፎታል። ለሥራ ባልደረቦቹ ድካም ሳይሳሳ እውነቱን ማስቀመጡን በጣም አከብርለታለሁ። ኋላ የመጣው ኤንኤክስ ሌላ መንገድ ያዘ። ፕሮግራሙ አጠገብ ወኪል አስቀመጠ። ወኪሉ አብዛኛውን ጥያቄ እዚያው ይመልሳል፣ መስመሩን የሚሻገረው የግድ መሻገር ያለበት ብቻ ይሆናል። ኤክስቱጎ የተባለው የርቀት መሥሪያ ፕሮግራም ዛሬም የሚሠራው በዚሁ ነው።

አንድ ነገር ግን ይታወቅ። እነ ብሮውዘር ያሉ የዘመኑ ፕሮግራሞች መስመር አስምር ብለው አያዙም፤ ምስሉን ራሳቸው ሠርተው ፒክስሉን ይገፉታል። በሲሪያል ባይሞከሩ ይሻላል። እንደ ኤክስተርም (ትእዛዝ የሚጻፍበት የጽሑፍ መስኮት) ያሉ የድሮዎቹ ግን ይሄዳሉ።

ለመሞከር የፈለገ ሰው በ115200 ይጀምር፣ ኬብሉም የአርቲኤስና የሲቲኤስ ሽቦ (ላኪው መቼ እንዲልክ፣ መቼ እንዲቆም የሚነግሩት) ያለው ይሁን፤ ባለ ሦስት ሽቦው በፍጥነት ላይ ባይት ሊጥል ይችላል። ኤክስቱጎን ማሽኑ ከቻለው የግንኙነት ፍጥነቱን "ሞደም" ላይ ያድርግ፤ ካልቻለው ኤስኤስኤችን ከነማመቂያው ይጠቀም። መስመሩ ከ9600 የማያልፍ ከሆነ ደግሞ መስኮቱን ትቶ በጽሑፍ ተርሚናል ቢሠራ ጊዜው አይባክንም።