ኦፕንስትሪትማፕ፦ የመረጃ ሕጎቹ በአርትዖት ሥራ ላይ

ኦፕንስትሪትማፕ በ2004 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር በስቲቭ ኮስት የተጀመረ፣ በጎ ፈቃደኞች የሚያዘጋጁት ነፃ የዓለም ካርታ ነው። ካርታ ይባል እንጂ በመሠረቱ የመልክዓ ምድር መረጃ ቋት ነው፤ በማያ ገጹ ላይ የሚታየው ሥዕል ከዚህ ቋት የሚወጣ ነው። ስለዚህ አርታዒው ሥዕል አይሥልም፤ መረጃ ያስገባል። የሚያስገባውም ቋቱ ባስቀመጠለት ሕግ ነው።

ቋቱ የሚያውቀው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ነጥብ፣ መስመርና እነዚህን በአንድነት የሚያስተሳስረው ዝምድና። የነጥብ ኬክሮስና ኬንትሮስ እስከ ሰባት አሥርዮሽ ቤት ይመዘገባል፤ ይህም መሬት ላይ ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጠጋል። መስመር ከ2,000 ነጥብ አይበልጥም፤ ረጅም ወንዝ ተቆራርጦ ይሣልና ቁርጥራጮቹ በዝምድና ይታሰራሉ። አቅጣጫም ሕግ አለው። ዓባይን የሚሥል ሰው ከጣና መውጫ፣ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ሱዳን መውረድ አለበት። ገልብጦ ቢሥለው ለዓይን ልዩነት የለውም፤ በቋቱ ውስጥ ግን ወንዙ ሽቅብ ይፈሳል።

ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለውጦች በጥቅል ይላካሉ፤ አንድ ጥቅል ከ10,000 ነገር በላይ አይዝም። ሁለት ሰዎች አንድን መንገድ በአንድ ጊዜ ቢያርሙ የሁለተኛው ሥራ ተቀባይነት አያገኝም፤ ልዩነቱን አይቶ አስታርቆ እንደገና መላክ ይኖርበታል። ጀማሪውን የሚያበሳጨው ይህ ሕግ የሌላውን ሰው ልፋት ከመጥፋት የሚያድን ነው።

በአማርኛ ለሚሠራ አርታዒ ግን ከባዱ ፈተና ያለው በመለያዎች፣ ማለትም የአንድን ነገር ስምና ባሕርይ በሚገልጹት ጽሑፎች ላይ ነው። ስም ሳይታጠር ይጻፍ ይላል ሕጉ። የእኛ አገር ሰሌዳ ደግሞ ምህጻረ ቃል ይወዳል። «ቅ/ጊዮርጊስ ት/ቤት» የሚለው በቋቱ ውስጥ «ቅዱስ ጊዮርጊስ ትምህርት ቤት» ተብሎ መግባት አለበት፤ ፈላጊው ሙሉውን ቢጽፍ አጭሩን አያገኘውምና። ሞክሼ ፊደላት ሌላው ጣጣ ናቸው። «ፀሐይ» ብሎ የመዘገበውን «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። ሰሌዳው ላይ ያለውን ጽሕፈት ዋና ስም አድርጎ ሌላውን በአማራጭ ስም መለያ ማስገባት ከሁሉ የተሻለ መንገድ ነው።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። የሥራ ሰዓት የሚጻፈው በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። በር ላይ «ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 6፡30፣ ከቀኑ 7፡30 እስከ 11፡30» የሚል ወረቀት የለጠፈ መሥሪያ ቤት ወደ ቋቱ ሲገባ 08:30-12:30, 13:30-17:30 ይሆናል። ወረቀቱ እንዳለ ቢገለበጥ መሥሪያ ቤቱ የሚከፈተው ከሌሊቱ 8፡30 ላይ ይሆናል። የዓመተ ምሕረት ስሌት ከዚህም ይረቃል። በ1903 ዓ.ም. ተሠራ የተባለ ቤተ ክርስቲያን ሲመዘገብ፣ ወሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ግድም ከሆነ 7፣ ከዚያ ወዲህ ከሆነ 8 ዓመት ይጨመርበታል። ወሩ ካልታወቀ ግን 1910ን ወይም 1911ን በግምት መምረጥ አይገባም፤ ሁለቱንም የሚሸፍን ወሰን ይጻፋል።

የመንገድ ደረጃ የሚለካው በሚሰጠው አገልግሎት እንጂ በአስፋልቱ አይደለም። ሁለት የወረዳ ከተሞችን የሚያገናኝ ኮረኮንች መንገድ ደረጃው አይቀነስበትም፤ የጠጠር መሆኑ በሌላ መለያ ይገለጻል። ይህ ሕግ ለገጠሩ አገራችን ፍትሕ ነው ማለት ይቻላል።

የቦታ ስም በብዙ ቋንቋ መመዝገብ ይችላል፤ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የየራሳቸው መለያ አላቸው። ዋናው ስም የቱ ይሁን በሚለው ላይ ግን፣ በተለይ ሁለት ስም ባላቸው ከተሞች፣ አስተያየቱ የተለያየ ነው፤ የአካባቢው ሕዝብ የሚጠራበትና ሰሌዳው የያዘው ስም ይቅደም የሚለው አጠቃላይ መርሕ ሁሉንም ጥያቄ የሚመልስ አይመስልም። የአገራት ወሰን ሲያከራክር በመሬት ላይ ያለው እውነታ እንዲሣል ተወስኗል።

ከሌላ ካርታ ያለ ፈቃድ መገልበጥ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በፈቃድ ረገድ ትልቁ ፈተና የመጣው ግን በ2012 እ.ኤ.አ. ነው። የካርታው መረጃ ቀድሞ ይሰራጭበት የነበረው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ለጽሑፍና ለሥዕል እንጂ ለመረጃ ቋት የታሰበ ስላልነበር፣ በክፍት የመረጃ ቋት ፈቃድ ተተካ። አዲሱን ውል ያልተቀበሉ ሰዎች ሥራ ከሐምሌ ጀምሮ ከቋቱ ተነቀለ፤ አውስትራሊያና ፖላንድ ክፉኛ ተጎዱ። የተነቀለውን መንገድ እንደገና ከሳተላይት ምስል እየሣሉ የሞሉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ውሳኔውም ትክክል ነበር።

በኢትዮጵያ ብዙ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የአስተዳደር ወሰን ነው። ሲዳማ በ2020፣ ደቡብ ምዕራብ በ2021፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2023 እ.ኤ.አ. ክልል ሲሆኑ ካርታውም አብሮ መለወጥ ነበረበት። ሁለት ክልሎችን የሚለይ የወሰን መስመር በድርብ አይሣልም፤ ያው መስመር የሁለት ክልል፣ የሁለት ዞንና የሁለት ወረዳ ዝምድና አባል ይሆናል። ስለዚህ አርታዒው መስመሩን ከመሐል ከቆረጠ፣ ጥቅሉን ከመላኩ በፊት ስድስቱንም ዝምድናዎች አንድ በአንድ ከፍቶ የእያንዳንዱ ወሰን ዙሪያ እንደ ቀለበት መግጠሙን ያረጋግጣል።